አንድ ሳጥን፣ ሁለት በር

ሶረቲና ታናሽ ወንድሟ ፊራኦል ከተኳረፉ ወራት አልፈዋል። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው የሚውሉ እህትና ወንድም እንዴት ሳይነጋገሩ ይኖራሉ ትሉ ይሆናል። ይኖራሉ! በሰው በኩል ነዋ። ደንበኛ ሲገባ ሶረቲ፣ "እስቲ ለዚያ ሰውዬ ወረቀት ያቀብለኝ በልልኝ" ትላለች። ፊራኦል ደግሞ አንገቱን ሳያዞር፣ "እጅ የላትም ወይ? በላት" ይላል። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣው ምስኪን ሳያስበው መልእክተኛ ሆኖ ያርፈዋል።

ሱቁ ጊንጪ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ያቋቋሙት አባታቸው ኦቦ ዱጋሳ ናቸው። እኚህ ሰው የአካባቢውን ሠርግ፣ ምርቃትና ለቅሶ ሲቀርጹ ኖረው ዓምና ሲያርፉ ለልጆቻቸው የተዉት አንድ ካሜራ፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ኮምፒውተር ነው። ካሜራውም ፕሪንተሩም አላጣሏቸውም። ያጣላቸው ኮምፒውተሩ ነው። ሶረቲ ማመልከቻና የፈተና ወረቀት ትተይብበታለች። ፊራኦል ቪዲዮ ያቀናብርበታል፤ በዚያ ላይ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ሞባይሉን ይዞ እየመጣ ሜሞሪው ላይ ዘፈን ያስጭናል። በዚያ ሜሞሪ የማይገባ ቫይረስ የለም። አንድ ቀን ሶረቲ ስንት ቀን የለፋችበትን የትምህርት ቤት ፈተና ቫይረስ ጥርግ አድርጎ በላባት። እሷም በንዴት ጦፋ የፊራኦልን የዘፈን ክምችት እንዳለ ደመሰሰችበት። ያን ዕለት የተባባሉት እዚህ አይደገምም፤ እናታቸው ብትኖር ሁለቱንም በጥፊ ነበር የምትላቸው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የአባታቸው የልብ ወዳጅ የነበሩት ኦቦ ሂርጳ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁለቱንም ሰምተው ሲያበቁ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና ፈረዱ።

"የአባት መሬት እንኳ ይከፈላል። ይሄ ሳጥን የማይከፈልበት ምን ምክንያት አለ? ለሁለት ይከፈል። ለእሷ አንድ በር፣ ለእሱ አንድ በር። ቁልፉም ለየብቻ። አንዱ የሌላውን ደጅ እንዳይረግጥ!"

ኦቦ ሂርጳ ኮምፒውተር የሚያውቁት ከሩቅ ነው፤ የሚገርመው ግን ፍርዳቸው የሚቻል ሆኖ ተገኘ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ፍጹም የሚባል የዲላ ልጅ አለ፤ ሰተት ብሎ ቤት የሚገባ፣ ሳቂታ። ጉዳዩን ሲሰማ፣ "ይሄማ በየቀኑ የምንሠራው ነው" አለ። "ከዊንዶውሱ ጎን ኡቡንቱ የሚባል ሌላ ሲስተም እጭንላችኋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በየትኛው ልግባ ብሎ ይጠይቃችኋል። ያ የሞባይል ቫይረስ ደግሞ ኡቡንቱን አይነካውም።" ሲዲውም ከውጭ አገር በፖስታ በነጻ የተላከለት ነበር። ቀጠሮው ለቅዳሜ ተቆረጠ።

በዚሁ ሰሞን ነው አዴ ጌጤነሽ የመጡት።

ከጊንጪ ወጣ ካለ ገጠር ነው የመጡት፤ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ሲናገሩ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ እንባቸው አልቆ የቀረ ሰው ይመስላሉ።

"የልጄን የሌታን ሠርግ የቀረጸው አባታችሁ ነበር" አሉ። "ሲዲው ቤቴ አለ። ጎረቤት ቤት ወስጄ አየዋለሁ። ግን መዝሙር ብቻ ነው የኔ ልጅ! አፉ ይንቀሳቀሳል፣ መዝሙር። ይስቃል፣ መዝሙር።"

እውነታቸውን ነው። የሠርግ ቪዲዮ እዚህ አገር የሚሠራው እንዲያ ነው፤ የእንግዳው ጫጫታ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ፣ የሙሽራው ቃል ሁሉ ይጠፋና ከላይ እስከ ታች መዝሙር ወይም ዘፈን ይጫንበታል። እንዲያው ከነጫጫታው ቢሰጡት ባለሠርጉ "ምኑን ሠራችሁት?" ብሎ ይመልሰዋል።

"ወደ ሙሽራዪቱ ቤት ሊሄድ ሲል ጉልበቴን ሳመ" አሉ አዴ ጌጤነሽ። "ቀና ሲል በጆሮዬ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እልልታው ቀልጧል፤ አልሰማሁትም። እንዲያው ዝም ብዬ፣ እሺ ልጄ፣ እሺ አልኩት። ምን እንዳለኝ ሳላውቅ እሺ አልኩት! ልጅቷን የመረጥኩለት እኔ ነኝ። እሱ ትንሽ እንቆይ ይለኝ ነበር፤ አሻፈረኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ዓመት ሳይሞላው አማቶቹን ሊጠይቅ ሲሄድ መኪናው ተገለበጠ። ጎረቤት ምን ይለኛል መሰለሽ? 'ያን ዕለት ፊቱ ልክ አልነበረም፤ አዮ፣ እናቴ፣ ይቅርብኝ ብሎሽ ይሆናል' ይሉኛል። እውነትም ሲዲው ላይ አየዋለሁ፤ ሲናገር ፊቱ ጭምድድ ይላል። ይቅርብኝ ብሎኝ፣ እኔ እሺ ብዬ ልኬው ከሆነስ?"

ሶረቲ ያን ሠርግ ታስታውሳለች፤ መብራት ይዛ ከአባቷ ጎን የቆመችው እሷ ነበረች። መዝሙር ያልተጫነበት ኦሪጂናሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለም ታውቃለች። ኮምፒውተሩ ግን ያን ሰሞን በቫይረስ ተተብትቦ ገና ሲከፈት መልሶ ይጠፋል።

"ቅዳሜ ይምጡ" አለች። "ቅዳሜ የሚያስተካክለው ሰው ይመጣል። በአባቴ ስም ቃል እገባልዎታለሁ፤ ያለዎትን በጆሮዎ ይሰሙታል።"

ቅዳሜ አዴ ጌጤነሽ ገበያተኛው ሳይሞላ ደረሱ። ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ አልነቅል አሉ። ከቀትር በኋላ ፍጹም ከአምቦ ደረሰ፤ ሶረቲ ሻይ ልታመጣላቸው ወጣ ባለችበት የኡቡንቱውን ሲዲ ከትቶ ማሽኑን በሲዲው አስነሳና ሥራ ጀመረ።

"ሲ የሚባለው የሀርድ ዲስኩ ክፍል ትንሽ ነው፤ ከእሱ ምንም አይገኝም" አለ ፊራኦልን። "ለአዲሱ ሲስተም ቦታ የሚገኘው ዲ የሚባለውን ክፍል በማጥበብ ነው። ዲ ደግሞ በቪዲዮ ጢም ብሏል። ሌላ ቦታ ገልብጣችኋል?"

"በምን እንገልብጥ? ሲዲ መጻፊያው ራይተር ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ ካቆመ ቆየ። ፍላሹም ይሄን ሁሉ አይችልም። ግን ካሴቶቹ አሉ፤ ጀምር" አለ ፊራኦል ደረቱን ነፍቶ፣ መደርደሪያው ላይ ወደተደረደሩት የካሜራ ካሴቶች በአገጩ እያመለከተ።

"ካሴቱ ካለማ ጥሩ" አለና ፍጹም ተጫነው። ስክሪኑ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሳብ ጀመረች።

ሶረቲ ሻዩን ይዛ ስትመለስ መስመሯ ሲሶውን ሄዳለች። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያምነውን እሷም ታምናለች፤ ቫይረስ ሲገባ ሲ ፎርማት ተደርጎ ይጠረጋል፣ ዲ አይነካም። ስለዚህ ልቧ ሙሉ ነበር። የሆነ ሆኖ አዴ ጌጤነሽ ፊት ስትቆም ጭንቅ ጭንቅ አላትና ጠየቀች።

"ፍጹም፣ እሱን ጠይቅልኝ እስቲ። የሌታ ሠርግ ያለው ዲ ላይ ነው አይደል? ዲ አይነካም አይደል?"

ፍጹም ከስክሪኑ ዞር አለ። "እየጠበበ ያለውማ ዲ ነው።"

"ምን?"

"ካሴቱ አለ በላት" አለ ፊራኦል። "ምን ያስጮኻታል?"

"የቱ ካሴት?" አለች ሶረቲ።

ፊራኦል እየተነጫነጨ ተነሳና ከመደርደሪያው አንዱን ካሴት መዘዘ። ጎኑ ላይ በኦቦ ዱጋሳ እጅ "ሌታ፣ ሠርግ" ተብሎ ተጽፏል። ሶረቲ ሻዩን አስቀመጠችው፤ ግማሹ ፈሰሰ።

"እሱ ላይ የኦቦ ሂርጳን የልጅ ልጅ ምርቃት ቀርጬበታለሁ" አለች።

የኦቦ ዱጋሳ የሥራ ደንብ ነበር፤ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ካሴት ነጻ ነው፣ ሌላ ይቀረጽበታል። ፊራኦል ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ።

"መቼ?"

"አንተ ከእኔ ጋር አልሄድም ብለህ የቀረህ ቀን።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"በማን በኩል?" አለች ሶረቲ።

እሷ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ብላ ካሴቱን ሰጠች፤ እሱ ካሴቱ አለ ብሎ ኮምፒውተሩን ሰጠ። በዓለም ላይ የቀረው የሌታ ድምፅ አሁን አረንጓዴዋ መስመር ሥር ነው። አዴ ጌጤነሽ የሚሉትን አልተረዱም፤ ፊታቸውን ግን አይተዋል። ከአግዳሚው ተነስተው ቆሙ።

"ፍጹም አቁመው!" አለች ሶረቲ።

"እንዳትነኩት!" ፍጹም እጁን ዘርግቶ ከለከላት፤ ያ ሁሉ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። "ዕቃ እያጋዘ ነው። ከወዲያ ጥግ እያነሳ ወዲህ ያስቀምጣል። አሁን ካቆምነው ያነሳውም ያላነሳውም ይጠፋል። ይጨርስ። መብራት እስካልሄደ ድረስ ምንም አይሆንም።"

ይሄን ቃል ምን ያናግረዋል! ሚያዝያ ነው፤ ከሰዓት ሲሆን የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ ዝናብ ከመጣ መብራቱ ቀድሞት ነው የሚሸሸው። ሶረቲ ወደ ደጅ ወጥታ ሰማዩን አየች። በወንጪ በኩል ጠቁሯል። ገበያተኛው ጤፉን በላስቲክ መሸፈን ጀምሯል። ተመልሳ ገባች፤ መስመሯ ግማሽ ላይ ነች። ፊራኦል ጥፍሩን ይበላል። አዴ ጌጤነሽ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ወረደው። ትንሽ ቆይቶ አምፖሉ ድርግም አለ።

"ወይኔ!" አለ ፊራኦል።

ከጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። የመብራት መሄድን ለአፍታ የሚያስታግስ ባትሪ ነው፤ እሱም ቢሆን ያረጀ፣ ኦቦ ዱጋሳ ሳሉ የተገዛ። ማሽኑ ይሠራል፤ መስመሯም ትሳባለች።

"ስንት ደቂቃ ይይዛል?" አለ ፍጹም።

"ትንሽ ነው" አለች ሶረቲ። "የጀመርኩትን ሴቭ አድርጌ ለማጥፋት ብቻ ነው የሚበቃኝ።"

ፍጹም ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። ያኔ ከአስፋልቱ ማዶ የጩኸት ድምፅ መጣ፤ "ጎል!" የሚል የጎረምሳ ጋጋታ። የኡርጌ ሆቴል ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የምታስነሳው እሷ ብቻ ናት፤ ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ ተመልካች እንዳይበተንባት።

ፊራኦልና ሶረቲ እኩል ተያዩ።

"ከነሕይወቱ እንውሰደው" አለ ፊራኦል።

"ስክሪኑን ንቀል፤ እሱ ነው ባትሪውን የሚበላው" አለች ሶረቲ።

ፍጹም ጮኸ፤ "አብዳችኋል እንዴ? ሀርድ ዲስኩ እየዞረ ነው! ትንሽ ቢንገጫገጭ አለቀለት!"

"እዚህ ቢቀመጥስ አያልቅለትም?" አለች ሶረቲ። ፍጹም ስክሪኑን ነቀለ፤ አረንጓዴዋ መስመር ከዓይናቸው ጠፋች። ከእንግዲህ ውስጡ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ፊራኦል ሳጥኑን ከነሙቀቱ አቀፈ። ሶረቲ ዩፒኤሱን ተሸከመች፤ ድንጋይ ነው የሚከብደው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ አጭር ገመድ ነው። አንዱ ቢፈጥን ይነቀላል፤ አንዱ ቢዘገይ ይነቀላል። ለወራት አንድ ቃል ያልተለዋወጡ ሰዎች አሁን እርምጃቸው እኩል መሆን አለበት።

"ቀኝሽን አስቀድሚ" አለ። "ቀኝ። ግራ። ቀኝ።"

ደጃፉ ላይ ደረጃ አለ። ወረዱ። ዝናቡ ፊታቸውን መታቸው። ድንገት ከላያቸው ላይ ዝናቡ ቆመ፤ አዴ ጌጤነሽ ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ራሳቸው እየራሱ፣ ሳጥኑ እንዳይነካው ብቻ እያዩ ከጎናቸው ይራመዳሉ። ፍጹም ቀድሞ አስፋልቱ መሃል ገባና እጆቹን ዘረጋ። ከአምቦ የሚመጣ አይሱዙ ክላክሱን አምባርቆ ተጎተተና ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሊሳደብ ከፈለገ በኋላ የሚያየው ነገር አላምር ብሎት ይመስላል አፉን ዘጋ፤ ሁለት ሰው በገመድ የተያያዘ ሳጥን እንደ ታቦት አክብረው ተሸክመው፣ አንዲት ለቅሶኛ ሴት ጃንጥላ ይዘውላቸው፣ ሳጥኑ ደግሞ ጢጥ ጢጥ እያለ።

"ፊራኦል ጉድጓድ!" አለች ሶረቲ።

"አየሁት። ቆይ። ወደኔ ጠጋ በይ፤ ገመዱ ተወጠረ።"

ጠጋች። ትከሻዋ ትከሻውን ነካ። የዩፒኤሱ ጩኸት እየፈጠነ ሄደ፤ ማለቁ ነው። ላብና ዝናብ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ የምትጠርግበት እጅ የለም። ከሳጥኑ ውስጥ የሀርድ ዲስኩ ቅርጭ ቅርጭ ይሰማታል፤ ያ ድምፅ እስካለ ድረስ ነፍስ አለ ብላ እሱን እያዳመጠች ተራመደች።

ኡርጌ በሯ ላይ ጠበቀቻቸው፤ ወገቧን ይዛ።

"ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?"

"ኡርጌ በፈጠረሽ፣ ሶኬት!" አለች ሶረቲ።

"የለም! ጄኔሬተሩ ዲሹንና ፍሪጁን ብቻ ነው የሚችለው። ይሄ ከተጨመረ ድርግም ይልና እነዚህ ልጆች እኔን ይበሉኛል።"

"ፍሪጁን ንቀይዋ!"

"ቢራው ይሙቅ? ቅዳሜ ቀን?"

አዴ ጌጤነሽ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ወደ ፊት መጡ። ከሻሻቸው ውሃ ይንጠባጠባል። "ልጄ እዚህ ውስጥ ነው" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ኡርጌ አየቻቸው። ሌታን የማያውቅ ጊንጪ የለም፤ ለቅሶው ላይ የእሷም ድንኳን ነበር። ያ ሁሉ ምላሷ ተዋጠና ዘላ ገባች፤ ፍሪጁን በገዛ እጇ ነቀለችው። የዩፒኤሱ ጩኸት ያን ጊዜ አንድ ሆኖ ረዘመ፤ የመጨረሻው ነው። ሶረቲ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ገመዱን ሰካች። ከውስጡ ቀጭ አለ። ጩኸቱ ቀጠለ። እንደገና ቀጭ አለ። ከዚያ ዝም አለ፤ አረንጓዴ መብራት በራ።

ሳጥኑስ? ፊራኦል ከነልብሱ ውሃ ሆኖ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጠፈ። "ይሠራል" አለ። "ይሠራል ሶሬ።" ሶሬ ብሎ ከጠራት ስንት ጊዜው!

ፍጹም ስክሪኑን፣ ማውዙን፣ ኪቦርዱንና ትናንሾቹን ስፒከሮች በላስቲክ ጠቅልሎ እየሮጠ አመጣ። ሲሰኩት ስክሪኑ ጥቁር ነው። ፍጹም ማውዙን ነካ ሲያደርገው ግን በራ። አረንጓዴዋ መስመር ጥግ ደርሳለች።

"ጨርሷል" አለ ፍጹም፤ ድምፁ ግን አልጨከነም። "ማጋዙን ጨርሷል። ዕቃው ሳይሰበር መድረሱን የምናውቀው ግን አዲሱ ሲስተም ተጭኖ፣ ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሳ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ከአስፋልቱ የባሰ ነበር። ኡቡንቱው ይጫናል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያምር ነገር እያሳየ አገሩ ሰላም ነው ይላል። ጄኔሬተሩ ሲያስለው የሁሉም ነፍስ ብድግ ትላለች። ኡርጌ ለአዴ ጌጤነሽ ደረቅ ጋቢ አመጣችላቸው። እሳቸው አልጠየቁም፣ አልተቀመጡም። ሶረቲ አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ያዘች። የአባቴን ስም ምን አስጠራኝ! እያለች ራሷን ትረግማለች።

ማሽኑ ጠፋና ተነሳ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ ከላይ ኡቡንቱ፣ ከታች ዊንዶውስ። የኦቦ ሂርጳ ሁለት በር ይሄው። ፍጹም በላይኛው ገባ። የዲን ማህደር ሊከፍት ብሎ ተወና ማውዙን ለሶረቲ ለቀቀላት። ሶረቲ ተጫነችው።

የፋይሎቹ ስም ተዘረዘረ። "ሌታ" የሚለውን አገኘች። ከፈተችው።

ሜዳ። ድንኳን። ሰው ግር ብሏል። ከጎን ያለው የኳስ ጩኸትና ጄኔሬተሩ ግን ድምፁን ዋጡት። ፊራኦል ወደ ጎረምሶቹ ዞረ። "ወንድሞቼ፣ ለአፍታ ድምፁን አጥፉልን፤ የሌታ ድምፅ ነው።" የዋንጫው ጨዋታ መለያ ምት ላይ ደርሶ ነበር። አንዱ ግን ተነሳና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዜሮ አደረገው፤ ሌሎቹ ኳሱን ትተው ተጠግተው ቆሙ።

መጀመሪያ የተሰማው ሌታ አልነበረም።

"ሶረቲ፣ መብራቱን ከፍ። ፊራኦል፣ ገመዱን ከእግሯ ሥር አንሳው እንጂ! እህትህን ልትጥላት ነው?"

ኦቦ ዱጋሳ ናቸው፤ ከካሜራው ጀርባ፣ ያ ሁሌም ሲቀናበር ልጆቻቸው በገዛ እጃቸው የሚያጠፉት ድምፃቸው። ከሞቱ ወዲህ ሁለቱም አልሰሙትም። ሶረቲ አፏን በመዳፏ ያዘች። ፊራኦል ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ሌታ መጣ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። እልልታው ይቀልጣል። ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ፣ ቀና አለ፣ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። ፊቱ ጭምድድ አለ። በኦሮምኛ ነው የተናገረው፤ ካሜራው ቅርብ ስለነበር ጥርት ብሎ ተሰማ።

"አዮ፣ ይሄ ጫማ ገደለኝ! ጣቶቼ አለቁ። መኪና ውስጥ ስገባ ላውልቀው?"

በቪዲዮው ያሉት አዴ ጌጤነሽ፣ በነጭ ልብሳቸው፣ ምንም ሳይሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሺ ልጄ፣ እሺ።"

ሌታ እንደ ሕፃን ፈገግ አለና ሄደ።

"ጫማው?" አሉ አዴ ጌጤነሽ። "ጫማው ነው?" ሳቅ አመለጣቸው፤ ሰው ሁሉ ደነገጠ። "ጠቦሃል ብዬው ነበር እኮ! ገበያ መሃል ቆሜ ብዬው ነበር! አይ ይሄ ነው የሚያምረው ብሎ..." መጨረስ አቃታቸው፤ የነጠፈው እንባ የት ተደብቆ እንደኖረ እንጃ መጣ። ኡርጌ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

"እሺ ነው ያልኩት" እያሉ ያለቅሳሉ። "አውልቅ ነው ያልኩት። ሰምታችኋል አይደል? ልጄን አውልቅ፣ እረፍ ነው ያልኩት።"

"ሰምተናል" አለ ከጎረምሶቹ አንዱ።

"ድገሙልኝ።"

ማውዙ ያለው ሶረቲ እጅ ነው፤ እሷ ግን ለቀቀችው። ማንንም ሳታማልድ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"አንተ መልሰው" አለችው። "ከአባባ ጀምረው።"

ፊራኦል ዓይኑን በእርጥብ እጅጌው ጠርጎ መጣና ከአባታቸው ጀመረው።